ጋን ማጠቢያው ቅጠል

ልጆች ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን መውጣት የጀመርኩ ሰሞን የዛፍ ስም ዝርዝር ከእጄ አይለይም ነበር። እኔ «ይሄ ጥድ፣ ይሄ ኮሶ» እላለሁ፣ እነሱ እየተጋፉ ይጽፋሉ። ደብረ ታቦር ስንመለስ ደብተሩ ሞልቷል። በሳምንቱ ግን ጥዱን ከዝግባው የሚለይልኝ አንድ ልጅ አላገኝም። ለካ ጥቁር ሰሌዳዬን ተሸክሜ ኖሯል ዛፍ ሥር የምወስዳቸው።

ያረመችኝ ልጇን ልትወስድ የመጣች እናት ናት። ልጁ ከቅጥሩ ውስጥ ቅርንጫፍ ሊቀነጥብ እጁን ሲሰድ «ተው! የታቦት ነው» ብላ አስቆመችው። ከዚያ ከካቡ ውጭ፣ መንገድ ዳር ከበቀለ ግራዋ ሁለት ቅጠል ቀጠፈች፤ በመዳፏ አሽታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «ቅመሰው» አለችው። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ፤ እንትፍ አለ።

«በዚህ ነው ጋን የሚታጠበው። ታጥቦስ በምን ይታጠናል?»

ልጁ ዝም። እሷ በአገጯ ወደ ውስጥ፣ ወደ ወይራው አመለከተች። እሱ ግን ወይራውን ትቶ እናቱን ነበር የሚያየው። «ይሄን ማን አሳየሽ?» አላት። ጉና ሥር ከብት ስትጠብቅ እንዳደገች ያን ቀን ሰማ። የከተማ ልጅ ወልዳ፣ እረኝነቷን እንደ ገመና ደብቃ ኖራለች።

ዝርዝሩን የጣልኩት ያኔ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ የቤት ሰው እጠራለሁ፤ የምጠይቀውም ትልቁን ሰው ነው። መጀመሪያ መፋቂያው፣ ሞፈሩ፣ የልብስ ማጠቢያ እንዶዱ ይነሳል፤ የዛፉ ስም ተከትሎ ይመጣል። እናቶች ቶሎ ይፈታሉ። አባቶች ትንሽ ያስቸግራሉ፤ ባሕር ዛፍ ካዩ ስንት አጣና እንደሚወጣው ሲያሰሉ ይቆያሉ። አልከለክላቸውም፤ እሱም ዛፍ ማወቅ ነው።

ካቡን ግን እኔው አሳያለሁ። በአካባቢያችን አንዳንዱ ደን ከብት እንዳይገባበት ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ታጥሯል። ልጆቹን ግማሹን ከውስጥ፣ ግማሹን ከውጭ አንበርክኬ፣ ክንድ በምታህል ቦታ የበቀለ ችግኝ አስቆጥራለሁ። የውጭዎቹ የሚያገኙት የተጋጠ ሣር ነው። የውስጦቹ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ሲያደርጉ ጣት የማታህል ወይራ ብቅ ትላለች፤ ከዚያ ጩኸት ነው። ትልልቆቹ «ለመሆኑ ስንት ዓይነት ይኖራል?» ሲሉኝ፣ የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መመዝገባቸውን እነግራቸዋለሁ። አሥሩን ጠርቶ ለጨረሰ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አባት አንድ ግንድ ሥር ቆሞ ቀረ። «መምህር፣ ይሄን አውቀዋለሁ፤ ስሙ ጠፋኝ» አለኝ። እኔም አልነገርኩትም። ስልኩን አውጥቶ ገጠር ወዳሉት እናቱ ደወለ፤ ድምፁን ለሁላችንም ለቆ ቅጠሉን ይገልጽላቸው ጀመር።

«ፍሬውስ?» አሉ ከወዲያ። «ፍሬው ምን ይመስላል?»

ልጆቹ ተሯሩጠው መሬት መሬቱን መፈለግ ያዙ።