ትክክለኛውን መልስ የያዘውን ፊደል ምረጡ

በዚህች መጽሔታችን ግጥም ይሄሳል፣ ልብ ወለድ ይሄሳል፣ ቴአትርም አልፎ አልፎ ይነካል። ሁላችንም ያለ ልዩነት ያነበብነው አንድ የጽሑፍ ዓይነት ግን እስከ ዛሬ ሐያሲ አላገኘም። እሱም የአንብቦ መረዳት ፈተና ነው፤ አንድ ምንባብ፣ ከምንባቡ ሥር ጥያቄ፣ ከጥያቄው ሥር አራት ፊደል። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይሄሳል?» የሚል አይጠፋም። እንዴ! ደራሲ አለው፣ አንባቢ አለው፤ አንባቢውም የ12ኛ ክፍልን የእንግሊዝኛ ወረቀት ያነበበውን ያህል ተጠንቅቆ ያነበበው ልብ ወለድ ስንት ነው?

ለክርክራችን እንዲመች አንድ ምንባብ በአማርኛ እናብጅ። «አቶ ደምሴ በሬያቸውን የሸጡት በሐምሌ ነው። ጎረቤት ሁሉ በሚያርስበት ወር መሸጣቸው የገረመው ልጃቸው ምክንያቱን ቢጠይቃቸው፣ ‹የትምህርት ቤቱ ምዝገባ መኸርን አይጠብቅም› አሉት።» ጥያቄ፦ አቶ ደምሴ በሬያቸውን ለምን ሸጡ? (ሀ) እርሻ ስለ ሰለቻቸው፤ (ለ) በሐምሌ የበሬ ዋጋ ጥሩ ስለሆነ፤ (ሐ) ለልጃቸው ትምህርት ገንዘብ ስላስፈለጋቸው፤ (መ) ትምህርት ሁልጊዜ ከእርሻ ይበልጣል ብለው ስለሚያምኑ።

እስቲ አብረን እንሂድበት። «ሀ»ን የሚደግፍ አንድም ቃል የለም፤ ትውጣ። «ለ» ተንኮለኛ ናት። «ሐምሌ» የሚለውን ቃል ከምንባቡ ወስዳ ለብሳዋለች፤ ሰዓት ያጠረው ተፈታኝ ቃሉን አይቶ ዘው ይላል። ስለ ዋጋ ግን የተባለ ነገር የለም። «መ» ለእኛ ለተማሪዎች የምትጥም ናት፤ ዳሩ ግን አንድ አባት አንድ በሬ ስለሸጡ «ሁልጊዜ» የሚል አዋጅ አይወጣም። ቀረች «ሐ»። ታዲያ «ሐ»ስ ብትሆን ሙሉ በሙሉ ምንባቡ ውስጥ አለች? ገንዘብ የሚል ቃል የት አለ? ተመዝጋቢው ጠያቂው ልጅ ነው ያለስ ማነው? ምዝገባ ክፍያ እንደሚጠይቅ፣ መልሱ ለልጁ መሰጠቱም ጉዳዩ የእሱ መሆኑን እንደሚያመለክት የጨመርነው እኛው ነን። እንግዲህ ትክክለኛ መልስ ማለት ጽሑፉ ላይ ቁልጭ ብሎ የተቀመጠው ብቻ አይደለም፤ ከራሳችን የምንጨምርበት ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰው ነው።

ይህ ተራ የፈተና ብልሃት አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጥናት፣ አንድን አንቀጽ መረዳት የሒሳብ ጥያቄ እንደ መፍታት ነው ሲል ተከራክሯል። የሚያስፈልገውን መምረጥ፣ እያንዳንዱን ቃል በልኩ መመዘን፣ ከዚያም ማገናኘት ነው። የልጆችን ስሕተት ሲመረምርም አንዲት ቃል ከሚገባት በላይ ክብደት አግኝታ ሌሎቹን ስትውጥ አይቷል። የኛዋ «ሐምሌ» መሆኗ ነው።

ፊደል ማጥቆሩ ራሱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ የካንሳስ ምሁር መምህራን ለተማሪ ወረቀት የሚሰጡት ማርክ እንደየሰዉ መለያየቱን አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አጋማሽ ማንም ቢያርመው ውጤቱ የማይለዋወጥ የንባብ ፈተና አዘጋጀ። ይህን ማቃለል አይገባም። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የእጅ ጽሑፉ እንደሚያምር ወይም እንደማያምር የማይጠይቅ አራሚ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው ከምንባቡ ወጥቶ ደራሲው ልብ ውስጥ ሲገባ ነው። ሳራ ሆልብሩክ የተባለችው አሜሪካዊት ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ2017 በጻፈችው ጽሑፍ፣ ቴክሳስ ውስጥ ለፈተና የቀረቡት የራሷ ግጥሞች ላይ የወጡትን ጥያቄዎች መመለስ እንዳቃታት ተናግራለች። አንደኛው ጥያቄ ግጥሙ ለምን በሁለት አንጓ ተከፈለ የሚል ነው። እሷ የከፈለችው ግጥሙን ለሰው ስታነብ እዚያ ላይ ስለምታርፍ ነበር፤ ይህ መልስ ከአራቱ ውስጥ የለም። ደራሲዋ ያልተጠየቀችውን ተማሪው ሊያውቅ ነው ማለት ነው! የበሬው ጥያቄ ማስረጃውን ከጽሑፉ ያመጣል፤ ይሄኛው ግን የጥያቄ አውጪውን ግምት አንብቡ ይላል።

እኛ አገር ደግሞ ቅኔ አለ። ቅኔ ሲፈታ ሰሙን ብቻ የተናገረ፣ ወርቁን ብቻ የተናገረ ገና አልፈታውም፤ ሁለቱንም አውጥቶ እንዴት እንደተያያዙ ማሳየት አለበት። ሰሙን «ሀ»፣ ወርቁን «ለ» ብለን ብናስቀምጠውስ? የትኛው ይጥቆር?

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካለፍነው በኋላ እዚህ ባልተነሣ። ግን ልማዱ አብሮን ገብቷል። የሥነ ጽሑፍ መምህር አንድ ግጥም አንብቦ «ምን ትላላችሁ?» ሲል ክፍሉ ጭጭ ይላል። አራቱ ፊደላት እስኪመጡ የምንጠብቅ ይመስላል። በሌላ ወገን ደግሞ ሂስ ስንጽፍ «ግጥሙ ጥልቅ ነው»፣ «ደራሲው ኅብረተሰቡን አሳይቶናል» እንላለን፤ የትኛው ስንኝ ላይ? እሱ የለም። እንዲህ ያለው ሐያሲ የበሬውን ጥያቄም ይወድቃል። እንግዲህ ከፈተናው መጣል የነበረብንን አምጥተን፣ ማምጣት የነበረብንን ጥለን መጥተናል። መጣል የነበረብን ምርጫ መጠበቅን ነው፤ መያዝ የነበረብን ደግሞ «ይህን ያልኩት ከየትኛው መስመር ተነሥቼ ነው? ከራሴ የጨመርኩትስ ምን ያህል ነው?» የሚለውን ጥያቄ።

ለታናናሾቻችን የምናስጠና ሁሉ አንድ ነገር እንሞክር። አራቱን ፊደላት በእጃቸው ሸፍነው መጀመሪያ የራሳቸውን መልስ ይናገሩ፤ ከዚያ እጃቸውን ያንሡ። መልሳቸው ከአራቱ አንዱን ቢመስል እሰየው፤ ባይመስልም መስመሩን ጠቁመው ይከራከሩ።

ይህን ሂስ የሚቃወም ካለ ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው። ከየትኛው መስመር ተነሥቶ እንደተቃወመ ግን ይንገረን።