ግድግዳን ማንበብ፦ የሜልበርን የጎዳና ሥዕል ጉብኝት በምን ይመዘናል?

የጎዳና ሥዕል ጉብኝት አስጎብኚ ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ በከተማ ግድግዳዎች ላይ ያሉ ሥራዎችን የሚያሳይበት፣ መንገድ ለመንገድ ፎቶግራፍ የሚነሣበት፣ በመካከል ወይም በመጨረሻ ደግሞ አረፍ ተብሎ መጠጥ የሚቀመስበት የጥቂት ሰዓታት የእግር ጉዞ ሲሆን፣ በአውስትራሊያዋ ከተማ በሜልበርን ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ከሆነ ቆይቷል። አዘጋጆቹ ሲያስተዋውቁት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት የሚታዩትን ሥዕሎች ብዛትና በዋጋው ውስጥ የተካተተውን መጠጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥዕሎቹ ደጅ ላይ ያሉ በመሆናቸው ማንም በነፃ ሊያያቸው ይችላል፣ መጠጡም አጠገብ ካለ ቡና ቤት ይገዛል። ጎብኚው በእርግጥ የሚከፍለው ግድግዳን ለማንበብ የሚያስችለውን ዕውቀት ለማግኘት ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ጉብኝት ጥራት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው አስጎብኚው ባልተዘጋጀበት ቦታ፣ ማለትም ትናንት ማታ በተቀባና የሠሪው ማንነት ገና ባልታወቀ ሥዕል ፊት ሲቆም ነው፤ በቃሉ የያዘውን ብቻ የሚያነበንብ ሰው እንዲህ ያለውን ግድግዳ አልፎት ይሄዳል፣ ሙያውን የሚያውቅ ግን ቆሞ ከቀለሙና ከመስመሩ ብቻ ብዙ ነገር ያወጣል።

ሥዕሉና መጠጡ በአንድ ጉብኝት የተጣመሩት ለገበያ ሲባል ብቻ አይደለም። የመሃል ከተማው የመንገድ ንድፍ በ1837 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቀያሹ በሮበርት ሆድል ሲወጣ ዋናዎቹ ጎዳናዎች 30 ሜትር ያህል፣ በመካከላቸው የገቡት «ትንንሽ» የሚባሉት ጎዳናዎች ደግሞ 10 ሜትር ያህል ስፋት ተሰጣቸው፤ መሬቱ እየተሸነሸነ ሲሸጥም ወደ ሕንፃዎቹ ጀርባ የሚያስገቡ ጠባብ ቅያሶች ተፈጠሩ። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈባቸው እነዚህ ቅያሶች ዕቃ የሚራገፍባቸውና ቆሻሻ የሚወጣባቸው ጓሮዎች ስለነበሩ፣ በረንዳም ሆነ ማሳያ መስኮት የሌለው ግድግዳቸው ከጊዜ በኋላ ለቀቢዎች የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ቡና ቤቶቹ የገቡት በሌላ በር ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆን ኒውወንሃይሰን በ1986 ባቀረቡት ጥናት ላይ የተመሠረተው የ1987ቱ የመጠጥ ሕግ የፈቃድ አሰጣጡን ማላላት ሲጀምር፣ ሰፊ አዳራሽና የተሟላ ወጥ ቤት የማያስፈልጋቸው አነስተኛ ቡና ቤቶች ርካሽ ኪራይ ፍለጋ ወደ ቅያሶቹ ዘለቁ፤ በ1994 የተከፈተው ሜየርስ ፕሌስ ከነዚህ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ሥዕሉንም መጠጡንም ወደዚያ የሳባቸው የከተማው የተረሳ ጀርባ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ግንኙነት ሳያነሣ ብርጭቆ የሚያስይዝ አስጎብኚ መጠጡን ከትምህርትነት ወደ ማባበያነት ያወርደዋል።

የግድግዳ ንባብ የሚጀምረው ከታች ነው። ታግ የሚባለው በአንድ ትንፋሽ የሚጻፍ የብዕር ስም ፊርማ ሲሆን፣ ስሮው-አፕ ባበጡ ፊደላት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀለም፣ በጥድፊያ የሚሠራ ስም ነው፤ ፒስ የሚባለው ደግሞ ጊዜ ተወስዶበት፣ በብዙ ቀለምና በጥላ ተሞልቶ የሚጠናቀቀው ሥራ ነው። ራሳቸውን ጸሐፊ ብለው በሚጠሩት በነዚህ ሰዎች መካከል ባለው ያልተጻፈ ደንብ መሠረት የተሻለው ሥራ ያነሰውን መሸፈን ይችላል፣ በፒስ ላይ ታግ መሞነጫጨር ግን ጠብ መፈለግ ነው። ብዙ ጎብኚ ታግን ቆሻሻ፣ ትልልቅ ፊቶችን ደግሞ ጥበብ አድርጎ ስለሚመጣ፣ ይህን ፍላጎቱን ብቻ እያየ ፊርማዎቹን ዘሎ በቀጥታ ወደ ፊቶቹ የሚወስደው አስጎብኚ ፊደል ሳያስቆጥር ዳዊት የሚያስደግም የኔታ ይሆናል። ጥሩው አስጎብኚ በአንድ የቆሻሻ ገንዳ ጎን ላይ ካለ ታግ ፊት ሁለት ደቂቃ ቆሞ እጁ የት እንደፈጠነ፣ የት እንደታጠፈ፣ የመጨረሻው ፊደል ጭራ ለምን እንደረዘመ ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የአሠራር ምልክት ነው። የስፕሬይ ቀለም ጣሳ ወደ ግድግዳው በቀረበ መጠን መስመሩ ይቀጥናል፣ ጠርዙም ይጠራል፤ በራቀ መጠን ይሰፋል፣ ጠርዙም እንደ ጉም ይበተናል፤ ጣሳው አፍ ላይ የሚገጠመው ካፕ የሚባለው ትንሽ መርጫ ዓይነትም የመስመሩን ውፍረት ይወስናል። የወረደ የቀለም እንባ የሚታየው እጅ በአንድ ቦታ ሲዘገይ ስለሆነ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ካልሆነ በቀር የጀማሪነት ምስክር ነው። ስቴንስል፣ ማለትም በተቆረጠ ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ላይ ቀለም ነፍቶ ቅርጹን ግድግዳው ላይ ማስቀረት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሜልበርንን ያስጠራ ስልት ሲሆን፣ የሚታወቀው ቅርጹ ተቆርጦ እንዳይወድቅ በሚተዉት ቀጫጭን ድልድዮች ነው፤ ጎበዝ ቆራጭ ድልድዮቹን የሥዕሉ አካል አስመስሎ ይሸሽጋቸዋል። ፔስት-አፕ የሚባለው ቤት ውስጥ በወረቀት ላይ ተሠርቶ በስንዴ ዱቄት ማጣበቂያ የሚለጠፍ ሥራ ስለሆነ በጠርዙ መጨማደድና መላጥ ይለያል። በትልልቅ የፊት ሥዕሎች ሥር ደግሞ አንዳንዴ ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ ጭረቶች ይታያሉ፤ ሠዓሊው ግድግዳውን አስቀድሞ በዘፈቀደ ምልክቶች ሞልቶ ፎቶ ካነሣው በኋላ ንድፉን በፎቶው ላይ ደርቦ የትኛው ዐይን በየትኛው ጭረት ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅበት ዘዴ ነው። ይህን ያወቀ ተመልካች የ20 ፎቅ ፊት እንዴት ሳይዛነፍ እንደተሣለ መገረሙን ባይተውም፣ የሚገረምበትን ምክንያት ያውቃል።

የአብዛኞቹ ጉብኝቶች መሰብሰቢያ የሆነው፣ ከፌዴሬሽን አደባባይ ትይዩ የሚገኘው ሆዚየር ሌን ነው፤ ጥሩና ደካማ አስጎብኚ በግልጽ የሚለዩትም እዚያው ነው። ቦታው ላይ ሥራዎች በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት ውስጥ ስለሚደራረቡ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ወፍሯል፤ ሲላጥም ጠርዙ ላይ ብዙ የቀለም ድርብርብ ይታያል። አጠገቡ ባለው ራትሌጅ ሌን ሠዓሊው አድሪያን ዶይል በነሐሴ 2013 በከተማው ፈቃድ ግድግዳውንም ወለሉንም ጭምር በአንድ ወጥ ሰማያዊ ቀለም ሸፍኖት ነበር፤ ገሚሱ እንደ ጥፋት ሲያየው ለሌላው ለአዲስ ሥራ የተዘረጋ ባዶ ገጽ ሆነለት፤ ብዙም ሳይቆይ በላዩ ላይ እንደገና ተሣለ። በየካቲት 2020 ደግሞ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች በእሳት ማጥፊያ ውስጥ የሞሉትን ቀለም በሆዚየር ሌን ሥራዎች ላይ ረጩ። እነዚህ ሁለት ድርጊቶች በምን እንደሚለያዩ፣ ጨርሶ ይለያዩ እንደሆነም፣ ጎብኚዎቹን የሚያከራክር አስጎብኚ ደመወዙን አግኝቷል።

የእንግሊዛዊው የጎዳና ሠዓሊ የባንክሲ ታሪክ ዘወትር ይነገራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደ ቀልድ ብቻ። በ2003 በኮከር አሊ የሣለው «ትንሹ ጠላቂ» ዋጋው ሲታወቅ በግልጽ ፕላስቲክ ተሸፈነ፤ በ2008 መጨረሻ አንድ ሰው ከፕላስቲኩ ኋላ ብርማ ቀለም አፍስሶ አጠፋው። በ2010 ደግሞ ከተማውን ወክለው ያጸዱ ሠራተኞች ባንክሲ በሆዚየር ሌን የሣላትን በፓራሹት የምትወርድ አይጥ ሳያውቁ ቀቡባት። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር መከለያ አንድን የጎዳና ሥራ ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ዒላማ እንደሚያደርገው፣ ያለ መከለያ የሚቆይ ሥራ ደግሞ በከፍታው ወይም በጸሐፊዎቹ አክብሮት የሚጠበቅ መሆኑ ነው። አድኔት የሚባለው ሠዓሊ በሆዚየር ሌን ከፍ አድርጎ የሣለው የአቦርጂናል ልጅ ፊት ለዓመታት ሲቆይ፣ እጅ የሚደርስበት የታችኛው ግድግዳ ግን ስንቴ ተቀያይሯል። ስለጠፋው ሥራ የሚናገር አስጎብኚ የቀድሞውን ፎቶ ይዞ መምጣትና ቦታው ላይ አስተያይቶ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ያለዚያ ጎብኚው የሚያየው ተራ ግድግዳ፣ የሚሰማውም ተረት ነው።

ፈቃድና ገንዘብ ብዙ አስጎብኚዎች የሚሸሹት ርዕስ ነው። በቪክቶሪያ ግዛት የ2007ቱ የግራፊቲ መከላከያ ሕግ ያለ ባለንብረቱ ፈቃድ መቀባትን በወንጀል ስለሚያስቀጣ፣ «እዚህ ማንም የፈለገውን ይቀባል» የሚል አስጎብኚ ጎብኚውን ያሳስታል። ባለንብረቱ የፈቀደው፣ ከተማው ያዘዘው፣ ኩባንያ ለማስታወቂያ ያሠራውና ሌሊት በድብቅ የተሠራው ሥራ ጎን ለጎን ሲቆሙ ለዐይን አንድ ስለሚመስሉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት የአስጎብኚው ግዴታ ነው። አድኔት በ2018 በኮሊንግዉድ ባለ 20 ፎቅ የመንግሥት ኪራይ ቤት ላይ የአራት ነዋሪዎችን ፊት የሣለው በትእዛዝ ነው፤ ይህ ሥራውን አያሳንሰውም፣ አነባበቡን ግን ይለውጠዋል። በዚያው ሰፈር አሜሪካዊው ሠዓሊ ኪዝ ሃሪንግ በ1984 በቀድሞው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሣለው ሥራ ሲደበዝዝ እንደ አዲስ ይቀባ ወይስ የሠዓሊው እጅ ያረፈበት ቀለም ይጠበቅ የሚል ረጅም ክርክር ተነሥቶ፣ በ2013 ነባሩን ቀለም በመጠበቅ ተጠግኗል። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ማየት ሆዚየር ሌንን ሦስት ጊዜ ከመመላለስ ይሻላል፤ ከመሃል ከተማ ፈቅ የማይል ጉብኝት በዚህ በኩል ጎዶሎ ነው።

ፎቶግራፉን በተመለከተ የመጀመሪያው መለኪያ ጊዜ ነው። ቡድኑ እንደደረሰ ስልኩን ካወጣ ማንም ምንም ስለማይሰማ፣ ልምድ ያለው አስጎብኚ አስቀድሞ ያናግራል፣ ከዚያ ፎቶ ለማንሣት ብቻ የተለየ ደቂቃ ይሰጣል። ጠባቡ ቅያስ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ግማሹ አብርቶ ግማሹ ስለሚጨልምና የሚያብረቀርቀው ቀለም ፍላሽን መልሶ ስለሚረጭ፣ ለሥዕሉ የሚበጀው ደመናማ ቀን ነው፤ ሜልበርን ደግሞ በዚህ አትታማም። ሥዕሉን ብቻ ቆርጦ ከሚያወጣ ፎቶ ይልቅ የድንጋዩን ንጣፍ፣ የውሃ መውረጃ ቱቦውንና የቆሻሻ ገንዳውን ያስገባ ፎቶ መጠኑንና ቦታውን ስለሚናገር ይበልጣል፤ ግድግዳው ተለውጦ ሲገኝ ቀኑ የተጻፈበት እንዲህ ያለ ፎቶ ማስረጃ ይሆናል። በመቀባት ላይ ያለን ሰው ሳያስፈቅዱ ማንሣት አይገባም። የአውስትራሊያ ሕግ ከ2000 ጀምሮ ሠዓሊው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል፤ በአደባባይ በቋሚነት የቆመን ሐውልት በነፃ ፎቶ ለማንሣት የሚፈቅደው ድንጋጌም የግድግዳ ሥዕልን ስለማይጨምር፣ ፎቶውን ለንግድ የሚያውል ሰው ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። የሠዓሊውን ስም የማይነግር አስጎብኚ እንግዲህ እንግዶቹን ስም አልባ ፎቶ አሸክሞ ይሸኛቸዋል።

መጠጡ አንድ ቢሆን፣ ሰዓቱም ከግድግዳዎቹ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በሜልበርን ፖት የሚባለው 285 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የቢራ ብርጭቆ፣ ሙሉ አልኮል ባለው ቢራ ሲሞላ፣ የአገሩ ሕግ 10 ግራም አልኮል ብሎ ከወሰነው አንድ መደበኛ መጠን ጥቂት ያልፋል፤ በየቅያሱ አንድ አንድ ፖት የሚያስጠጣ ጉብኝት በሦስተኛው ላይ ሥዕሉን የሚያይ ሰው አያገኝም። ጥሩ መጠጫ ቦታ የሚባለው ጫጫታው ውይይት የማይከለክልበት፣ አልኮል ለማይጠጣም ከታሸገ ውሃ የተሻለ ነገር የሚቀርብበት፣ ቢቻል ደግሞ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው የሚያዘወትሩት ነው። የቡድኑ ብዛት ከ12 ካለፈ ግን፣ ጠረጴዛው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጎብኚዎቹ በቅያሱ ውስጥ ከኋላ ቆመው ምንም ሳይሰሙ ስለሚደርሱ የሚወያዩበት ነገር አይኖራቸውም።

ያየውን በራሱ መሞከር የፈለገ ጎብኚ ከፍሊንደርስ ጎዳና ጣቢያ በባቡር ወደ ምዕራብ ወደ ፉትስክሬይ ቢሄድ፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በሚገኙበት በዚህ ሰፈር ከጥሬ ሥጋውና ከጀበና ቡናው ሌላ ንባቡን የሚለማመድበት ግድግዳም ያገኛል። በጣሊያንኛ፣ በግሪክኛና በእንግሊዝኛ ይናገርባቸው በነበሩት የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎቹ የታወቀውን የሲሲሊ ተወላጅ የቤት ዕቃ ነጋዴ ፍራንኮ ኮዞን በሞንጎሊያ የተወለደው ሠዓሊ ሂስኮ በትልቁ የሣለው እዚሁ ሰፈር ነው። ወደ ግድግዳው ቀርቦ ጠርዞቹ በምን ያህል ርቀት እንደተነፉ፣ ሥዕሉን ማን እንዳሠራው፣ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ታግ ተጽፎበት እንደሆነና ካልተጻፈበትም ለምን እንደተረፈ ያለ አስጎብኚ ሊጠይቅ ይችላል።