የአህያዪቱ ባለቤት ወዴት ነበር?

ከአባቶቻችን የወረስነው ተረት እንደ ወርቅ የከበረ ነው። ነገር ግን ወርቅ በእሳት ሳይፈተን እንደማይታመን ሁሉ፥ ተረትም በልብ ሳይመረመር ሊታመን አይገባውም። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነውን የአንበሳን፥ የነብርን፥ የጅብንና የአህያን ተረት አንሥቼ ምን እንዳስተማረንና ምን እንዳስረሳን ላሳይህ አስቤአለሁ።

ተረቱ እንዲህ ነው። ዝናብ ጠፍቶ ምድር በደረቀ ጊዜ አራቱ እንስሳት ተሰብስበው፥ «ይህ መከራ የመጣው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ስላለ ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳው አንድ በሬ ሰብሮ መብላቱን ተናገረ፤ ሌሎቹም ጥፍሩን እያዩ «ይህ ኃጢአት አይደለም» አሉት። ነብሩ ከመንጋ የተለየች ፍየል መብላቱን ተናገረ፤ «ይህም ኃጢአት አይደለም» ተባለ። ጅቡ ከመንደር ገብቶ ዶሮ መስረቁን ተናገረ፤ እርሱም ነጻ ወጣ። በመጨረሻ አህያዪቱ፥ «ጌታዬ እየነዳኝ ሲሄድ ከወዳጁ ጋር ተገናኝቶ ቆሞ ሲጫወት፥ እኔ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር ነጭቻለሁ» አለች። በዚህ ጊዜ ሦስቱ፥ «ለካ መከራውን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተረባርበው በሏት።

በተረትነቱ ሲመዘን ይህ እጅግ የተዋጣ ሥራ ነው። በደሉ ከበሬ ወደ ፍየል፥ ከፍየል ወደ ዶሮ፥ ከዶሮ ወደ ሣር እያነሰ ሲወርድ፥ ቅጣቱ ግን ከሁሉ ባነሰው ላይ ይወድቃል። ፈራጁና በላተኛው አንድ የሆኑበት ሸንጎ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ቃል አያስፈልግም።

በጋዝጊብላ በማስተምርበት ዘመን አንድ ቀን ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ነግሬ፥ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ «አንበሳው» አለ፤ ሌላው «ጅቡ» አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ግን ተነሥቶ፥ «መምህር፥ የአህያዪቱ ባለቤት ወዴት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «የእኛን አህያ ትናንት ማታ ጅብ በላት። ሳላስገባት የተኛሁት እኔ ነኝ» አለ። ልጆቹ ሳቁበት። እኔም ደወል ተደወለ ብዬ ነገሩን አለፍሁት።

የልጁን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በእርግጥም ተረቱ ባለቤቱን አልደበቀውም፤ ከመንገዱ ዳር አቁሞ ወሬ ሲያወራ አሳይቶናል። እኛ ተራኪዎቹ ግን ወደ እርሱ አንመለስም። ጅቡን ረግመን፥ ለአህያዪቱ አዝነን፥ ወደ መኝታችን እንሄዳለን።

ምሳሌዎቻችንም ከዚህ አይርቁም። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ስንል አታላይ እናደርገዋለን፤ «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ስንል ሆዳም እናደርገዋለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ግን ከእነዚህ ይለያል፤ አውሬውን ትቶ ጠባቂውን ይወቅሳልና። ከሦስቱ ይልቅ እኔ የምወደው ይህን ነው። በአፋችን ሁልጊዜ የሚመላለስ ሲሆን በበረታችን ግን አልሠራንበትም።

በሬ የበላውን አንበሳ ጀግና ብለን የምናወድሰው፥ ዶሮ የሰረቀውን ጅብ ግን ለስድብ የምናስቀምጠው ስለ ምንድር ነው? ሐንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ በታንዛንያ በንጎሮንጎሮና በሴሬንጌቲ ጅቦችን ሌሊት ሌሊት ተከታትሎ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ ጅብ ራሱ አድኖ የሚገድል አውሬ ነው፤ ብዙ ጊዜም የገደለውን አንበሳ ይቀማዋል። ሲነጋ የሚደርስ ሰው አንበሳው ሲበላ፥ ጅቡ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ስለሚያይ፥ ቀማኛውን ባለቤት፥ ባለቤቱን ለቃሚ አድርጎ ይፈርዳል።

በአውሬ ላይ በከንቱ መፍረድ የለመደ አንደበት ወደ ሰውም ይሻገራል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ብለን ስንቱን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አራቅን! ማረሻውን የሠራልንንና እንስራውን ያበጀችልንን ስለ ጠፋብን ከብት መክሰስ፥ ሣር በነጨችው አህያ ላይ ከተፈረደው ፍርድ በምን ይሻላል?

አሁን ደግሞ ከእኛ አገር የተገኘ አንድ ምስክር ላምጣ። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ከዋግ ጋር በሚዋሰነው በትግራይ፥ በመቀሌ አካባቢ፥ የጅብን ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጠጉር መረመሩ፤ ጥናቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ጠጉር የተገኘበት ከመቶ 15 ያህል ነበር፤ በ55ቱ የጾም ቀናት ግን ወደ 33 ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ሰው ሲጾም ሉካንዳ ይዘጋል፤ ከየደጁ የሚጣለው አጥንትና አንጀት ይቀራል። እኛ እንጾማለን፤ ጅብ ግን ጾም አያውቅም። ትርፍራፊአችንን ያጣ ጅብ ያገኘውን ይሰብራል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘውም በደጅ የቆመችውን አህያ ነው።

በደጅ ያቆማት ማን ነው? በዋግ ዳገትና ቁልቁለት እህል የምትሸከም፥ ውኃ የምታመላልስ፥ በጥንት ዘመንም አሞሌ ጨው ወደ ሰቆጣ ገበያ ከሚያደርሱት አንዷ የነበረች እርሷ ናት። ነገር ግን በሬው ከቤት ሲገባ፥ በግና ፍየሉ ከበረት ሲዘጋበት፥ አህያ ሥጋዋ ስለማይበላ ብዙ ጊዜ ከውጭ ታድራለች። ጀርባዋ ሲገጠብና ጉልበቷ ሲደክም ደግሞ ወደ ዱር ነድተው ለጅብ የሚተዋት አሉ። ጅብን አህያ መብላት ያለማመድነው ራሳችን ሆነን ሳለን፥ ደኅናዪቱን በበላ ጊዜ እንዴት እንደነቃለን?

ይህን ስል የድሀውን ኀዘን ማቃለሌ አይደለም። አህያ የተበላችበት ቤት እናቲቱ እንስራውን በጀርባዋ፥ ልጁም እህሉን በትከሻው ይሸከማሉ፤ ልጁ ከትምህርቱ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ቁጣው እውነተኛ ነው። ነገር ግን በቁጣ ሥጋ መርዞ ሜዳ ላይ መጣል መድኃኒት አይሆንም። መርዝ ሰው አይመርጥም፤ ጥንብ አንሣውን፥ የጎረቤትን ውሻ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ያለውንና በዓለም ላይ ከ500 ያልበለጠ ቁጥር የቀረውን፥ ዋና ምግቡም አይጥና ፍልፈል የሆነውን ቀይ ቀበሮ ሳይቀር ይፈጃል።

መድኃኒቱ ቀላል፥ ግን ትጋት የሚሻ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከብትህን ቁጠር። የበረትህን ካብ ከፍ አድርግ፤ በላዩ እሾህ ደርብበት፤ በሩ በእውነት የሚዘጋ ይሁን። የሞተ ከብት ከመንደር አርቀህ በጥልቅ ቅበር። በጾም ወራት ጥበቃህን እጥፍ አድርግ። ከሁሉም በላይ፥ ቀን ያገለገለችህን አህያ ሌሊት ከውጭ አታሳድራት።

እንግዲህ ይህን ተረት ለታናናሾችህ በምትነግርበት ጊዜ እስከ መጨረሻው ንገራቸው። ባለቤቱ ወሬውን ጨርሶ ሲመለስ ጭነቱን ብቻ መሬት ላይ አገኘ በል። ዱላ አንሥቶ ጅብ ፍለጋ ከመሮጡም በፊት፥ «እኔ ወዴት ነበርሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ሕፃን እውነቱን ተናዘዘ፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። ለበረቱ በር ያላበጁትን ታላላቆች ማንም አልጠየቃቸውም፤ መምህሩም ዝም አለ። ተረቱን ነገርኋቸው ብዬ ሳለሁ፥ ለካስ በፊታቸው እየደገምሁት ኖሯል።