መጎምጀት በተራው ሰው ቤት፦ «ኤ ሲምፕል ፕላን» የተሰኘው ፊልም ሲመዘን

ስለ ገንዘብ ፍቅር ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ምሳሌ የምናደርገው ጉቦኛውን ባለ ሥልጣን ወይም አጭበርባሪውን ነጋዴ ነው። በደመወዙ የሚኖረው ምዕመን ግን ቃሉ እርሱን እንደማይመለከት ቆጥሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሳም ሬይሚ ፊልም «ኤ ሲምፕል ፕላን» ይህን መሸሸጊያ ያፈርሳል። ታሪኩ ስኮት ስሚዝ በ1993 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ የፊልሙንም ጽሑፍ ያዘጋጀው ራሱ ደራሲው ነው።

ሐንክ (ቢል ፓክስተን) በሚኒሶታ ገጠር በመኖ መደብር የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጎረቤቶቹም ያከብሩታል። ከወንድሙ ከጄኮብና ከወንድሙ ጓደኛ ከሉ ጋር በረዶ በሸፈነው ጫካ ውስጥ የወደቀ አነስተኛ አውሮፕላን ያገኛሉ። አብራሪው ሞቷል፤ በውስጡ 4.4 ሚሊዮን ዶላር አለ። ሐንክ መጀመሪያ ለፖሊስ እናስረክብ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ግን በረዶው እስኪቀልጥ ገንዘቡን እርሱ ዘንድ ለማቆየት ይስማማል።

ፊልሙ የሰውን ልብ በሚገባ ያሳየው እዚህ ላይ ነው። መጎምጀት በገዛ ስሙ አይመጣም፤ ጥንቃቄ፣ ለልጅ ማሰብ፣ ባለቤት የሌለውን ማንሳት ተብሎ ይመጣል። ሚስቱ ሳራ ነገሩ በጥያቄ መልክ ሲቀርብላት አልወስድም ትላለች። ገንዘቡ ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረገፍ ግን ዘዴ ቀያሿ እርሷ ትሆናለች። ጄኮብም የሚመኘው የአባቱን እርሻ መልሶ መግዛት ነው፤ ምኞቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ጌታችንም ስለ መጎምጀት ያስጠነቀቀው አንድ ሰው የርስት ድርሻውን በጠየቀ ጊዜ እንደ ነበር እናስታውስ (ሉቃስ 12፥13-15)።

ከዚያ በኋላ ሐንክ የሚፈጽመው ግድያ በአብዛኛው ሀብት ለመጨመር ሳይሆን የተደበቀውን ለመሸፈን ነው። የአካንም መንገድ ይኸው ነበር፦ ማየት፣ መመኘት፣ መውሰድ፣ መሸሸግ (ኢያሱ 7)።

ፊልሙ በሐንክ ድምፅ ሲጀምርና ሲያበቃ፣ ደስተኛ የነበረን ሰው ገንዘብ እንዳበላሸው እንድናስብ ያደርገናል። በጥሞና ያየ ተመልካች ግን አውሮፕላኑ ከመገኘቱ በፊት ሐንክ ወንድሙን ይንቅ እንደ ነበር ያስተውላል። ገንዘቡ በልቡ የነበረውን ገለጠው እንጂ አዲስ ልብ አልሰጠውም (ማርቆስ 7፥21-22)።

ዋናው ጉድለት ግን ንስሐ የሌለበት መሆኑ ነው። ሐንክ በመጨረሻ ብሩን የሚያቃጥለው የአንዳንዱ ኖት ቁጥር እንደ ተመዘገበ ስለ ሰማ ነው፤ ይህ ፍርሃት እንጂ መመለስ አይደለም። ዘኬዎስ ማንም ሳይከሰው አራት እጥፍ ልመልስ አለ (ሉቃስ 19፥8)። በቢሊ ቦብ ቶርንተን የተጫወተውና ሁሉ እንደ ሞኝ የሚያየው ጄኮብ ደግሞ ሕሊናው ያሰቃየዋል፤ ኃጢአቱን የሚናገርበት ስፍራ ስላላገኘ ወንድሙ እንዲገድለው ይለምናል።

አገልጋዮች ፊልሙን ለስብከት ምሳሌ ከማድረጋችን በፊት ይህን እንጠይቅ፦ በጉባኤያችን ያለ ጄኮብ የደበቀውን ነገር ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ደም ሳይፈስ፣ ሳይፈራ የሚናገርለት ሰው አለው? ስለ መጎምጀት የምናስተምረው ትምህርት ይህን በር ካልከፈተ፣ ሰሚው የሚማረው በይበልጥ መደበቅን ነው።