ስለ ዶሮ ወጥ ቁሌት

የሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ፥ የትንሣኤን ሌሊት በቅዳሴ ያሳለፈ ምእመን ከማዕዱ ቀርቦ በዶሮ ወጥ ሲፈስክ፥ ምስጋናውን የሚያቀርበው እንደ ልማዱ ለብልቱና ለእንቁላሉ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን በምድጃ ዳር ያሳለፍሁ እንደ መሆኔ፥ የዚህ ወጥ ክብሩም ውርደቱም፥ ዶሮው በ12 ብልት ተለይቶ፥ በሎሚና በጨው ታጥቦ ወደ ድስቱ ከመግባቱ አስቀድሞ፥ በቁሌቱ ላይ እንደሚወሰን እመሰክራለሁ።

ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት አድቅቆ መክተፍ ለጀማሪ ብክነት ይመስለዋል። ሽንኩርቱ ግን ቅቤም ዘይትም ሳይነካው በለዘብተኛ እሳት ላይ የገዛ ውሃውን እስኪጨርስ ድረስ ሲማሰል፥ ድስቱን ሊይዝ ባለ ቁጥርም ፍል ውሃ ጠብ ሲደረግለት፥ ቁጣው በርዶ ጣፋጭነቱ ይገለጣል፤ ቅርጹም ጠፍቶ ወጡን የሚያወፍረው እርሱ ይሆናል። በርበሬውና ንጥር ቅቤው የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። የበርበሬ የማቃጠል ባሕርይ በውሃ የማይሟሟ፥ በቅባት ግን የሚሟሟ ስለ ሆነ፥ ቅባት ሳያገኝ የተቁላላ በርበሬ ጉሮሮ ይከረክራል፤ እሳት የበዛበት እንደ ሆነም ይመርራል። ከዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ጥሬ በርበሬ የሚሸት ወጥ ያቀርባል፤ ያንን ሽታ ኋላ የሚጨመር ማናቸውም ቅመም አይሸፍነውም። የቀረው የዶሮው ነገር ቀላል ነው።

ያለ እርሱ ወጥ የማይመስለን በርበሬ መገኛው የአሜሪካ ምድር ስለ ሆነ፥ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት የነበሩ እናቶቻችን ሊያውቁት አይችሉም ነበር፤ ኮረሪማ ግን የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ተወላጅ ነው። ስለ ዜግነቱ ይሁን ስለ መዓዛው፥ እኔ ለኮረሪማ አዳላለሁ። ከኮሰረትና ከእርድ ጋር ቅቤው ሲነጠር አንድ ጊዜ፥ በመከለሻው ውስጥ ከጥቁር አዝሙድና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሌላ ጊዜ ይገባል፤ መከለሻውም ቅባቱ ከላይ ተንሳፍፎ ወጡ ሊወርድ ሲል እንጂ ቀድሞ አይነሰነስም፥ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳልና።

አበው ጥቁር አዝሙድንና ዝንጅብልን ለሆድ ሕመም ማዘዛቸው የታወቀ ነው፤ እኔ ከወጥ ሠሪ ወገን ሆኜ የምጨምረው ቢኖር፥ ቅመሙ በሚገባ የገባበት ወጥ ብዙ ጨው እንደማይጠይቅ፥ ቁሌቱ የበሰለ እንደ ሆነም ቅቤው ሊቀነስ እንደሚችል ነው። በጾም የሰነበተ ሆድ ቅቤ ሲበዛበት ይታወካልና፥ ይህ ቁጠባ ይልቁንም በፋሲካ ሌሊት ያስፈልጋል።

ዛሬ ዛሬ ሽንኩርቱን በመኪና ፈጭቶ፥ በዘይት ጠብሶ፥ ቅላቱን ከቲማቲም ድልህ መበደር እየተለመደ መጥቷል። ጊዜ ያጠረው ሰው ይህን ከሚያደርግ፥ በእርድና በዝንጅብል አልጫ ይሥራ፤ አልጫም ክቡር ምግብ ነው።