ካርታ የሚጥል ሰው ምን ተማምኖ ነው?
(«ራውንደርስ» የተባለውን ፊልም አይቼ የጻፍኩት)

«ራውንደርስ» የሚባል ፊልም አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጆን ዳል ዳይሬክት ያደረገው፣ ማት ዴመን የሚሠራበት የአሜሪካ ፊልም ነው። ቆየት ያለ ነው። እኔ ያየሁት በቅርቡ ነው፤ ከአቡ ዳቢ አውቶብስ ይዤ አል ዓይን የአክስቴ ልጅ ዘንድ በሄድኩበት የእረፍት ቀኔ። አራት ሴቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን አየነው። ሁላችንም ወደድነው። እኔ ግን ከወደድኩት በኋላ የከነከነኝ ነገር አለ፤ እሱን ልጻፍላችሁ።

ታሪኩ ስለ ፖከር ነው። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ከራሱ በቀር ማንም አያየውም። አምስት ካርታ ደግሞ ለሁሉም በግልጽ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። በየመሃሉ ሰው ገንዘብ ያስይዛል። ሌላው ያስያዘውን ያህል ካላስያዝሽ ካርታሽን ጥለሽ ትወጫለሽ። እስከዚያ ያስያዝሽው እዚያው ይቀራል። እኛ ሰፈር በለመድነው ኮንከር መጣል ማለት የማትፈልጊውን አንድ ካርታ ማስወገድ ነው። በፖከር መጣል ግን ዙሩን ለሌላ ሰው ለቆ መውጣት ነው። ለዚህ ነው የሚከብደው።

ማይክ የሚባለው ልጅ ፊልሙ ሲጀምር ያለውን ሁሉ፣ 30,000 ዶላር፣ በአንድ ዙር ይበላል። የያዘው ካርታ በጣም ጥሩ ነበር፤ የሰውዬው ግን ከሱ ይበልጥ ነበር። የበላው ቴዲ ኬጂቢ የሚባል ሩሲያዊ ነው፤ ጆን ማልኮቪች ነው የሚሠራው። ይሄ ቴዲ ሲጫወት ኦሪዮ ብስኩት አጠገቡ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ማይክ ነቃበት። ሰውዬው ብስኩቱን ጆሮው አጠገብ ከፍቶ ከበላው ጥሩ ካርታ ይዟል ማለት ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ብስኩት አወጣው። ማይክም ጥሩ ካርታ በእጁ እያለ ጣለው።

ለኔ የፊልሙ ትልቁ ቦታ ይሄ ነው። ጀግናው ያደገው የያዘውን ሲያስቀምጥ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም «ካሲኖ ሮያል» ጋር አስተያዩት። እዚያ ቦንድ የጠላቱን የፊት ምልክት አውቄያለሁ ብሎ ያለውን በሙሉ ያስይዝና ይበላል፤ ምልክቱ ወጥመድ ነበር። እስከዚህ ድረስ እውነት አለው። እንደምታይው ያወቀ ሰው በምልክቱ ይጫወትብሻል። የመጨረሻው ዙር ላይ ግን አራት ሰዎች አራቱም ያላቸውን በሙሉ ያስይዛሉ፤ አንድም የሚጥል የለም። ቦንድ የሚያሸንፈው ሰው አንብቦ ሳይሆን ካርታው ስለበለጠ ነው። እንዲህ ያለ ካርታ ለኛ መቼ መጥቶ ያውቃል?

ሰው ማንበቡ ለኛ አዲስ አይደለም። ማዳም ከውጭ ስትገባ ቁልፏን እንዴት እንዳስቀመጠች ከወጥ ቤት ሆኜ ሰምቼ፣ ሻይ ላቅርብ ወይስ ከፊቷ ዞር ልበል የሚለውን አውቃለሁ። እናንተም እንደዚሁ ናችሁ። አንድ ልዩነት አለን። ማይክ «አውቄብሃለሁ» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ቴዲም ተናዶ ብስኩቱን ይወረውራል። እኛ ያወቅነውን ከተናገርን የሚወረወረው ብስኩት ላይሆን ይችላል።

ፊልሙን ካየን በኋላ እኛም መጫወት አማረን። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ በገንዘብ መቆመር ወንጀል ነው፤ ቤት ውስጥ ነን ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እኛ በሽምብራ ነው የተጫወትነው፤ ለእያንዳንዳችን 40 ፍሬ። ጨዋታው ግን ጨዋታ አልሆነም። ማንም አይጥልም! ሽምብራ ቢጠፋ ምን ይጎዳል? ከዚያ የአክስቴ ልጅ «መጀመሪያ ሽምብራ ያለቀባት የሁላችንንም ሰሃን ታጥባለች» አለች። ወዲያው ሁሉም ተለወጠ። ስድስት ቀን ሰሃን ስታጥብ ከርማ በእረፍት ቀኗ ማን ማጠብ ይፈልጋል? ሁሉም ካርታ መጣል ጀመረ፤ ሁሉም የሌላውን ፊት ማየት ጀመረ።

የአክስቴ ልጅ ጥሩ ካርታ ሲመጣላት ወሬ ታቆማለች። እኔ ይሄን በሦስተኛው ዙር ደርሼበታለሁ። በሚቀጥለው ዙር መሃል ላይ ዝም አለች። እንዳላት አወቅሁ። ግን 25 ሽምብራ አስቀድሜ አስገብቼ ነበር፤ ያን ሁሉ ጥዬ እንዴት ልውጣ? ቀሪዋንም ጨመርኩ። እያወቅሁ ተበላሁ፤ ሰሃኑንም አጠብኩ።

ሰሃኑን እያጠብኩ ያሰብኩት የመጀመሪያ ቤቴን ነው። እዚያ አራት ወር ደመወዝ ሳይከፈለኝ ሠርቻለሁ። ማዳም «በሚቀጥለው ወር» ስትል ዓይኗን ከኔ አንስታ ስልኳ ላይ ታደርግ ነበር። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ውሸቷን እንደሆነ አውቄ ነበር። ታዲያ ለምን ቆየሁ? የሁለት ወሩን ጥዬ እንዳልወጣ ብዬ ሦስተኛውን ጨመርኩ፤ የሦስቱን እንዳላጣ ብዬ አራተኛውን። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። እኔ ግን ገደሉንም አይቼ ነበር።

ፊልሙ ላይ ቅር ያለኝ እዚህ ጋ ነው። ማይክ ወደ ቴዲ ጠረጴዛ የተመለሰው በራሱ ገንዘብ አይደለም። ፔትሮቭስኪ የሚባሉት የሕግ መምህሩ 10,000 ዶላር አበድረውት ነው። ማርቲን ላንዳው ነው እሳቸውን ሆኖ የሚሠራው፤ ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል። ማይክ ያን ካርታ ሲጥል ፊቱ ላይ ገና ሌላ ገንዘብ ተቆልሎ ነበር። በመጨረሻ ብድሩን እንደሚመልስ ፊልሙ ይነግረናል። ነገር ግን ድሉን በሙሉ ለዓይኑና ለጭንቅላቱ ይሰጠዋል። ዓይንማ እኔም ነበረኝ። የሚጥል ሰው ጥሎ የሚተርፈው ነገር ያለው ሰው ነው። እኔ ያኔ የደላላ ዕዳ አገር ቤት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ እናቴ ትጠብቀኝ ነበር። ምንም ያልተረፈው ሰው ያለውን ሁሉ የሚያስይዘው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ አንዷን እህታችንን «ቀድመሽ አትወጪም ነበር?» ከማለታችን በፊት ምን እንደተረፋት እንጠይቅ።

እኔ የወጣሁት የአክስቴ ልጅ በስልክ «ቤት አለኝ፤ ትኬትም ቢያስፈልግሽ እኔ አለሁ» ያለችኝ ዕለት ነው። ስለ ማዳም ያን ቀን የተማርኩት አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ከኋላዬ ሰው መኖሩ ነበር። አቤቱታ አስገባሁ። ከአራቱ ወር የሁለቱ ተከፈለኝ፤ የቀረው ቀረ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በፖከር ካርታ የሚጣለው ተራ ሲደርስ፣ ሰው እያየ ነው። መጣል ማለት በሌሊት በር ከፍቶ መጥፋት አይደለም፤ የጠፋች ሰው እንደ ጠፊ ልትመዘገብና መብቷን ማስከበር ሊከብዳት ይችላል። የ2022 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9፣ ደመወዝ ከመክፈያው ቀን ከ10 ቀን በላይ እንዳይዘገይ፣ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን እንዲኖረን፣ ፓስፖርታችንም በእጃችን እንዲሆን ይላል። ጭቅጭቅ ሲመጣ የሚኬደው ወደ ሰው ሀብትና ኢሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር ነው። ተራሽ ማለት እሱ ነው።

ፊልሙን እዩት፤ ጊዜ አያባክንም። ብስኩቱን ብቻ ሳይሆን ሽማግሌው ገንዘቡን የሰጡበትንም ቦታ እዩ። እኛ አሁን አል ዓይን ስንጫወት አዲስ ደንብ አለን። ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዳችን 10 ሽምብራ ቆጥረን ሲኒ ሥር እንደፋለን፤ እሱን ማስያዝ ክልክል ነው። ከዚያ ወዲህ ካርታ መጣል ቀሎናል። ዕቁባችንም ላይ ተስማምተናል፤ ከቤት መውጣት ግድ የሆነባት ተራዋ ባይደርስም እሷ ትቀድማለች።