አንደበት ስለ ተሰጣት ድመት

ቅኔ ሰሙ ብቻ አምሮ ወርቁ ከጎደለ ከንቱ ድምፅ ነው። እንስሳን በሲኒማ የሚያናግርም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

ሺላ በርንፎርድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ያሳተመችው መጽሐፍ፥ ሁለት ውሾችና አንድ ድመት የካናዳን ዱር አቋርጠው ወደ ጌቶቻቸው መመለሳቸውን ይተርካል። የዲስኒ ማኅበር ይህንኑ ታሪክ ሁለት ጊዜ በፊልም አወጣው። በ1963ቱ እንስሶቹ ዝም ይላሉ፤ የሚናገርላቸው ተራኪው ነው። በ1993ቱ ግን ሳሲ የተባለችው ድመት በተዋናይቱ በሳሊ ፊልድ ድምፅ ትናገራለች። አፏ አለመንቀሳቀሱ ግን የሚመሰገን ነው፤ የተፈጠረችበትን መልክ አላበላሸምና።

ነቀፌታው በንግግሯ ብዛት ላይ ነው። ተመልካቹ ሕፃን ከዓይኗና ከእርምጃዋ ራሱ መርምሮ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር፥ እርስዋ ቀድማ በቀልድ ትነግረዋለች፤ ወርቁን የመፈለግ ድካምና ደስታም ይቀርበታል። የበለዓም አህያ እንኳ አፏ የተከፈተው ያለ በደሏ ስለ ተመታች ነበር፤ አቤቱታዋን ካሰማች በኋላ ዝም አለች።

ሆኖም በወንዙ ዳር ንግግሯ ወርቅ ያገኛል። ድመት ከውሻ ትበልጣለች እያለች ስትመጻደቅ የነበረችውን ሳሲን ጐርፍ ሲወስዳት፥ ሊያድናት ወደ ውሃው የዘለለው ሽማግሌው ውሻ ሻዶ ነው። ሊደርስባት ባይችልም፥ የአፍ ትዕቢት በሥራ ፍቅር ተረታ። ትዕቢቷን አስቀድሞ በቃሏ ያልሰማ ሰው ይህን ምሥጢር ባላገኘውም ነበር።

እንግዲህ ለእንስሳ አንደበት መስጠት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያለ ምሥጢር ማስለፍለፍ ነው። ልጆች ያሉት አባት ሁለቱንም ፊልሞች አሳይቶ፥ ዝም ያለው ድመት ምን እንዳሰበ ይጠይቃቸው፤ በመልሳቸውም ይፍረድ።